ከበሮ ይዞ ወደ ኮምቦልቻ መውረድ

ኮምቦልቻ ከደሴ በታች ናት። ይህን የምጽፈው ካርታ የማያውቅ ሰው አለ ብዬ አይደለም። እኛ ሰፈር ቧንቧ ውሃ ውስጥ ኮምቦልቻን በወሬ ብቻ የሚያውቁ፣ በሕይወታቸው ግን የማይወርዱ ብዙ እናቶች ስላሉ ነው። የኔ እናት ዋናዋ ናት። ስለ ኮምቦልቻ ስታወራ ስለ ቀይ ባሕር የምታወራ ነው የሚመስለው። "እዚያ ሰው ቁሞ ይቀልጣል፤ ቢምቢው ዶሮ ያክላል" ትላለች። መቼ አየሽው ስላት "ያየ ሰው ነገረኝ" ነው መልሷ። እንግዲህ እኔ ወርጄ፣ ከአርብ እስከ ሰኞ ቆይቼ፣ ሳልቀልጥ ተመልሻለሁ። ቢምቢው ዶሮ አያክልም። ጫጩት ግን ያክላል።

የሄድነው ለሽርሽር አልነበረም። የቀበሌያችን ወጣቶች የሰልፍ ከበሮ ጓድ አለን፤ በዓል በመጣ ቁጥር ከፊት እየሄድን ከተማውን ከእንቅልፍ የምንቀሰቅሰው እኛ ነን። መሣሪያዎቻችንን ላስተዋውቅ። ሦስት ታምቡር አለን። ታምቡር በቀበቶ ከአንገት ተንጠልጥሎ ጭን ላይ የሚያርፍ፣ በሁለት ቀጫጭን ዱላ የሚመታ፣ ድምፁ ቆርቆሮ ላይ እንደሚወርድ በረዶ የሆነ ትንሽ ከበሮ ነው። አንዱን የምመታው እኔ ነኝ። ጓደኛዬ ትርንጎ ሁለት የናስ ሳህኖች ታጋጫለች፤ ባጋጨች ቁጥር ዓይኗን ትጨፍናለች፣ ይህን አመሏን በቁጣም በልመናም ሊያስተዋት የቻለ የለም። ከዚያ ትልቁ ከበሮ አለ። እሱን ደረቱ ላይ ተሸክሞ በግራና በቀኝ የሚመታው እንድሪስ ነው፤ ከበሮውን ከታጠቀ በኋላ ከፊት ለፊት ሲያዩት እግር ያወጣ በርሜል ነው። ግን የሁላችን እግር የሚነሣውና የሚወድቀው በእሱ ምት ነው። ትልቁ ከበሮ "ድም" ሲል ግራ እግር መሬት ካልነካ ያ ሰልፍ ሳይሆን ከገበያ የሚመለስ ሰው ነው። ይህን የሚሉት አሰልጣኛችን አስር አለቃ ባዬ ናቸው። ጡረተኛ ወታደር ናቸው፤ ቁጭ ሲሉም ተጠንቀቅ እንደተባለ ሰው ነው የሚቀመጡት።

የጉዞው ምክንያት ደግሞ ይህ ነው። መሣሪያዎቹ ሲሰጡ "ከጎረቤታችሁ ከገራዶ ወጣቶች ጋር በጋራ ተጠቀሙ" ተብሎ ነበር። በጋራ መጠቀም በስብሰባ ላይ ጥሩ ነገር ነው። ከስብሰባው በኋላ ግን እኛ ለገራዶ ያለ ዱላ እንልካለን፣ ገራዶ ለኛ ያለ ቀበቶ ይልካል፤ እንዲህ እንዲህ እያልን ስንካሰስ የበላይ አካል ሰለቸውና ወሰነ። ሁለታችን ገለልተኛ ሜዳ ላይ፣ ኮምቦልቻ፣ እንወዳደር፤ ያሸነፈ መሣሪያዎቹን ጠቅልሎ ይውሰድ።

ለኔ ነገሩ ከከበሮም በላይ ነበር። አሥራ ስድስት ዓመት የሞላት ልጅ ከትምህርት ቤት በኋላ ከቤት የምትወጣበት ሰበብ እኛ ቤት የለም። ልምምድ ግን አለ። የማህበር ልምምድ ነው ከተባለ አባቴም "ቅሪ" ለማለት አይደፍርም፤ ከአብዮቱ ካገኘሁት ጥቅም ሁሉ ይህን የሚያክል የለም። እናቴ ይህን አሳምራ ታውቃለች። ልሄድ ስል ቁርጡን ነገረችኝ።

"ከበሮው ገራዶ ከገባ፣ አንቺም ቤት ትገቢያለሽ። ከዚያ ወዲያ ምን ሊያስወጣሽ ነው?"

"እናሸንፋለን እማ።"

"አላህ ያውቃል" አለችና ሁለተኛውን ሹራብ ጨመረችልኝ።

አርብ

የተነሣነው በጠዋት፣ ጦሳ ተራራ በጉም እንደተጠቀለለ ነው። የተሰጠን መኪና ማሽላ ሊያመጣ የሚወርድ የጭነት መኪና ስለነበር ከባዶ ጆንያ ጋር ተጫንን። እኔ አንድ ጋቢ፣ ሁለት ሹራብና የሱፍ ኮፍያ ይዣለሁ፤ እናቴ ብርድ የሌለበት አገር አለ ብላ አታምንም። አስር አለቃ ደግሞ ከሁላችን የባሰ ነገር ይዘው መጡ። አንድ ጆንያ ከሰል።

ሾፌሩ አይቶ ሳቀ። "አስር አለቃ፣ ከሰል እኮ የሚመጣው ከዚያ ነው። ወደ ኮምቦልቻ ከሰል ሲወርድ ዛሬ ማየቴ ነው።"

"የራሳችን ይሻላል" አሉት በአጭሩ። ከዚያ በኋላ ሾፌሩ አልጠየቀም።

ለደሴ ሰው ከሰሉ አያስገርምም። የከበሮዎቻችን ቆዳ የፍየል ነው፤ በኛ ጉም ሲያድር ውሃ እንደነካው ቂጣ ይላላል። ስለዚህ ሁልጊዜ ከልምምድ በፊት ከሰል አቀጣጥለን ከበሮዎቹን ዙሪያውን አስጠግተን እናሞቃለን፤ ቆዳው ሲወጠር በጣት ነካ አድርገው "ተናግሯል" ይላሉ አስር አለቃ፣ ከዚያ እንጀምራለን። እኔ ከበሮ ሳይሞቅ የተመታበት ቀን አላስታውስም።

ቁልቁለቱ ላይ ጠመዝማዛው ሲበዛ ትርንጎን አቅለሸለሻት። የምታስመልስበት ዕቃ ብትፈልግ ከናሱ ሳህን በቀር ምንም አላገኘችም። ያን ዕለት ሳህኑ ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፅ ሳያሰማ ሥራ ሠራ። በየመታጠፊያው አንድ አንድ ልብስ እያወለቅን ወረድን፤ ከመንገዱ እኩሌታ ሳንደርስ ሁለቱም ሹራቦቼ ጆንያ ላይ ነበሩ።

ኬላው ላይ አንድ ጠባቂ አስቆመን። የይለፍ ወረቀቱን ገልብጦም ዘቅዝቆም አየው።

"የከበሮ ጓድ ነን ትላላችሁ። ከበሮው ውስጥ ምን አለ?"

"አየር" አለ እንድሪስ።

እንድሪስ እውነቱን ነው የተናገረው፤ ግን ለኬላ ጠባቂ እውነት በዚህ መልክ አይነገርም። ጠባቂው ጠመንጃውን አስተካከለ። "እንግዲያው ምቱና ልየው።"

ከመኪናው ሳንወርድ፣ ጆንያ ላይ ተንበርክከን መታን። ትርንጎ በአንድ ሳህን፣ ሌላው ገና ስላልታጠበ። ከኋላችን ግመል የሚነዱ ሰዎች ቆሙ፤ ግመሎቹ ግን አልቆሙም፣ ወደ ገደሉ ዳር በረገጉ፤ ሰዎቹ እኛን ሳይሆን አያት ቅድመ አያታችንን እየጠሩ ተከተሏቸው። ጠባቂው እጁን አነሣ።

"በቃ በቃ፣ ሂዱ። ሕዝብ አትረብሹ።"

የመጀመሪያው ተመልካቻችን ይህ ሰው ነው።

ኮምቦልቻ ስንገባ ሙቀቱ እንደ ምድጃ አፍ ተቀበለን። መንገዱ ሜዳ ነው። ይህን ለደሴ ሰው ማስረዳት ይከብዳል፤ እኛ ዘንድ ጎረቤትህ ወይ ከራስህ በላይ ነው ወይ ከእግርህ በታች። እዚያ ጎረቤት ከጎን ነው። ሰዎቹ ቀስ ብለው ይሄዳሉ፣ የሚቸኩሉበት ዳገት የለማ።

ማደሪያ በየቤቱ ተደለደልን። እኔና ትርንጎ የደረሰን እትዬ ዘምዘም የሚባሉ፣ ወደ ቦርከና ወንዝ ጠጋ ብሎ የሚኖሩ ባልቴት ቤት ነው። ቀበሌው ስኳር ቀንሶባቸው እንግዳ አስጨምሮባቸው ሳለ፣ በር ላይ ቆመው ሲቀበሉን እህቶቻቸው ከሐጅ የተመለሱላቸው ይመስል ነበር።

"ኑ ግቡ የኔ ልጆች፣ አፈር ስሆን። ምነው ይሄ ሁሉ ልብስ? ታማችኋል እንዴ?"

"ከደሴ ነን" አልኩ።

"እሱስ ያስታውቃል" አሉና ጋቢዬን በሁለት ጣት አንሥተው ከቤቱ ሩቅ ጥግ ሰቀሉት። ራት የማሽላ እንጀራ በሽሮና በቃሪያ፣ ከዚያ ፓፓያ። ትርንጎ ፓፓያን ከነፍሬው በላች፤ እትዬ ዘምዘምም እንግዳ ላለማሳፈር አብረዋት ሁለት ፍሬ ዋጡ። የተኛነው ግቢ ውስጥ ሰሌን ላይ ነው። ደሴ ውጭ የሚያድር ወይ ዘበኛ ነው ወይ ሰካራም። እዚህ የቤቱ እመቤት ናት።

ቅዳሜ

ጠዋት ሜዳው ላይ ስንደርስ ገራዶዎች ቀድመውን ነበር። መሣሪያዎቹ በኛ እጅ ስለሆኑ ያለ ከበሮ፣ አሰልጣኛቸው መምህር ደምሴ በጭብጨባ እየመሯቸው ይለማመዳሉ። እግራቸው አንድ ነው። አንድ። ጉልበታቸው እኩል ይነሣል፣ ክንዳቸው ደረት ላይ ደርሶ እኩል ይመለሳል፣ ሲዞሩ በር የተዘጋ ይመስላል። ፊታቸው ላይ ግን ደስታ የሚባል ነገር የለም፤ የዘመድ አስከሬን የተሸከሙ ነው የሚመስሉት። አምርሬ ጠላኋቸው።

ከዚያ የኛ ተራ ሆነና ጉድ ፈላ። አስር አለቃ "ወደ ፊት ሂድ" ሲሉ ጀመርን፤ ጥቂት እንደሄድን ከዳር የቆሙ የኮምቦልቻ ሰዎች መሳቅ ጀመሩ። አንዱ ሽማግሌ ጮክ ብለው "ምን ይፈልጋሉ እነዚህ ልጆች? ሳንቲም ጥለዋል?" አሉ። አጎንብሰናል። እኛ ሁልጊዜ የምንለማመደው ዳገት ላይ ነው፤ ሰውነታችን ወደ ፊት ማዘንበል ሰልፍ ማለት መስሎታል። ሜዳ ላይ ተራራ በሌለበት ተራራ የምንወጣ ሆንን። አስር አለቃ "ቀና! ቀና!" እያሉ ከጎን ሲሮጡ እሳቸውም አጎንብሰው ነበር።

ከብዙ ድካም በኋላ ቀና ማለት ቻልን። ከዚያ አስር አለቃ በትልቁ ከበሮ አንድ ጊዜ ሊያሰልፉን ፈለጉ።

"ከሰል" አሉ።

አመጣን። አቀጣጠልን። ከበሮዎቹን ዙሪያውን ደረደርን። እትዬ ዘምዘም ውሃ ይዘውልን መጥተው ዛፍ ሥር ቆመው ያዩናል።

"ልጄ፣ ምን እየሠራችሁ ነው?"

"ከበሮ እያሞቅን ነው።"

"ይሄ ፀሐይ ምን ጎደለው?" አሉ።

በቅንነት ነው የጠየቁት። እኔ ቀና ብዬ ፀሐይዋን አየሁ፣ ከሰሉን አየሁ፣ አስር አለቃን አየሁ። እሳቸውም ቀና አሉ። የሦስታችን ዓይን በተገናኘበት ቅጽበት ትልቁ ከበሮ "ጧ" አለ። የግራ ጎኑ ቆዳ ከጫፍ እስከ ጫፍ ተቀደደ።

እንድሪስ ሄዶ እጁን በቀዳዳው አስገባና አወጣ። "አየር" አለ ቀስ ብሎ።

በቀኙ ጎን ብቻ ሞከርነው፤ ባዶ በርሜል ላይ ድንጋይ የሚወረውሩ ይመስላል። ኮምቦልቻ ያሉ ወጣቶች የራሳቸው ከበሮ አላቸው፤ ሊያውሱን ግን ከኮሚቴያቸው ፈቃድ ያስፈልጋል፣ ኮሚቴው የሚሰበሰበው ሐሙስ ነው። አስር አለቃ ዛፉ ሥር ቁጭ አሉ። ለመጀመሪያ ጊዜ ጀርባቸው ጎብጦ አየሁ። እኔ የታየኝ የቤታችን በር ነው፤ ከውስጥ ሲዘጋ።

"እትዬ ዘምዘም፣ እርስዎ ቤት ግድግዳው ላይ የተሰቀለ ድቤ አይቻለሁ" አልኩ። ድቤ ለመንዙማ፣ ለዱዓ ጊዜ በእጅ የሚመታ ከበሮ ነው፤ አክስቴ ቤት በዚህ ነው ያደግኩት፣ እጄ ያውቀዋል።

እትዬ ዘምዘም ወደ እኔ ዞሩ። "ለማን ነው የሚመታው?"

"ለአብዮቱ" አሉ አስር አለቃ፣ ከልማድ ቀና ብለው።

"አብዮቱ ውዱእ አለው?"

ውዱእ ከሶላት በፊት በውሃ የሚደረግ መንጻት ነው፤ ሽንት ቤት የሄደ ይፈታበታል። አስር አለቃ ለዚህ የሚሆን መልስ በወታደር ቤት አልተማሩም። ክርስቲያን ናቸው፤ ነገሩ ባይገባቸውም በአክብሮት አሰቡበት። "ልጅቷ ይኖራታል" አሉ በመጨረሻ።

"በዱላ አይነካም።"

"አይነካም።"

"የምትመታው ውዱእ ይዛ ነው። ከፈታች ታስቀምጠዋለች፣ ሰልፍ መሃል ቢሆንም።"

"ታስቀምጠዋለች።"

"በቃ አብሽሩ" አሉና ሊያመጡት ሄዱ።

ከዚያ አስር አለቃ እቅድ አወጡ። የመንዙማ ድቤ በአደባባይ ሰልፍ ላይ ከታየ ክቡራን እንግዶች ምን እንደሚሉ ስለማይታወቅ፣ እንድሪስ የተቀደደውን ከበሮ ታጥቆ ከፊት ይሄዳል። ጤነኛው ጎን በቀኝ ስለሆነና ክቡራኑ የሚቀመጡት በቀኝ ስለሆነ ቀዳዳው አይታይም። እንድሪስ ዱላውን አንሥቶ ይወረውራል፤ ቆዳው ጋ ሲደርስ ያቆማል። ድምፁን ከኋላው ተደብቄ የማወጣው እኔ ነኝ።

"ሳልመታ የምመታ ልምሰል?" አለ እንድሪስ።

"አዎ።"

"ቀላል ነው፣ በስብሰባ ለምጃለሁ" አለ። አስር አለቃ ያልሰሙ መሰሉ።

እሁድ

ጠዋት ውዱእ አድርጌ ውሃ መጠጣት አቆምኩ። ቁርስም በጥንቃቄ ነው የበላሁት፤ ምክንያቱን የሚያውቅ ያውቀዋል። አስር አለቃ በየጊዜው ጠጋ እያሉ በዝግታ "አለሽ?" ይሉኛል፤ "አለኝ" እላለሁ። ከምሽግ ወሬ የሚቀባበሉ ነው የምንመስለው።

ሜዳው ሞልቶ ነበር። ሕዝቡ ከበሮ ስለወደደ አይደለም። በየቀበሌው ስም ይጠራል፤ ያልመጣ የወሩ ስኳር ያመልጠዋል። እናቶች ጥላቸውን ዘርግተው፣ አባቶች ጋዜጣ አናታቸው ላይ አድርገው፣ ሸንኮራ እየመጠጡ ጠበቁ። አንድ ክቡር ጓድ ንግግር አደረጉ። ስለ ዓለም ሁኔታ ጀምረው ወደ ኮምቦልቻ እስኪደርሱ ጥላው ቦታውን ቀየረ። "ሞቅ ያለ ጭብጨባ" ሲባል ሕዝቡ አጨበጨበ፤ ቁጥሩ የታወቀ፣ ልክ ሲበቃ የሚያቆም ጭብጨባ ነው። ተመልካች ማለት ይህ መስሎኝ ነበር።

ገራዶ በኛ ታምቡሮችና ከኮምቦልቻ ወጣቶች በተዋሱት ትልቅ ከበሮ መጀመሪያ ተሰለፈ። መምህር ደምሴ ከሐሙሱ ኮሚቴ ጋር ዝምድና እንዳላቸው ያወቅነው ያኔ ነው። እንከን አልነበራቸውም። ሕዝቡ በቁጥሩ አጨበጨበ።

ከዚያ እኛ። እንድሪስ ከፊት፣ ዱላው ወደ ሰማይ ይወጣል፣ እየበረረ ይወርዳል፣ ቆዳው ጋ ሲደርስ ይቆማል። ከኋላው ድቤውን ብብቴ ሥር ይዤ በመዳፌ "ድም" እላለሁ። ግራ እግር መሬት ይነካል። ቀና ብለናል፤ ማንም ሳንቲም አልፈለገም። በክቡራኑ ፊት አለፍን። አንዱ ጓድ ወደ ጎረቤታቸው ጠጋ ብለው ስለ እንድሪስ ጉልበት ነገር ሲያወሩ አየሁ። ዳር ደረስን። አሸንፈናል ብዬ አሰብኩ።

ያኔ አስር አለቃ ባዬ፣ በሕይወታቸው ሙሉ በሰልፍ ዳር ሲደርሱ የሚያዙትን አዘዙ።

"ዙሪያ ዙር!"

እንድሪስን ተከትለን ዞርን። እንዴት አንዞርም? ተምረናል። ስንመለስ ክቡራኑ በግራችን ሆኑ፤ የእንድሪስ ከበሮም የተቀደደ አፉን ከፍቶ ወደ እነሱ ዞረ። እንድሪስ ገና አልገባውም፤ ዱላውን በኩራት አየር ላይ ይወረውራል፣ ከበሮው ውስጥ ያለው ጨለማ ቁልጭ ብሎ ይታያል፣ "ድም" የሚለው ግን አልተቋረጠም።

ከሕዝቡ መካከል አንድ ሰው፣ "ኧረ ከበሮው አዛጋ!" አለ።

ሳቁ ከዳር ጀምሮ እንደ ጎርፍ መጣ። ክቡራኑ ሳይቀሩ አፋቸውን በእጃቸው ያዙ። እንድሪስ ወደ ታች አየ፣ አይቶም ቆመ። ሲቆም ከኋላው የነበርኩት እኔ ወጥቼ ታየሁ፤ ድቤው ብብቴ ሥር፣ መዳፌ ላዩ ላይ።

እትዬ ዘምዘም ድቤያቸውን ሊጠብቁ ከጎረቤቶቻቸው ጋር መጥተው ዳር ቆመው ነበር። ሲያዩኝ እልል አሉ። አላዘዛቸውም ማንም። ጎረቤቶቻቸው ተቀበሏቸው። ከዚያ ጭብጨባው መጣ፤ ቁጥር የሌለው፣ ማብቂያው የማይታወቅ፣ ከመዳፌ ጋር አብሮ የሚሄድ። ሸንኮራቸውን የጣሉ ነበሩ። እጄ የወታደሩን ምት ትቶ ወደሚያውቀው ሄደ፤ የከለከልኩት አይመስለኝም። ከኋላዬ የጓዱ እግር ለሰለሰ፣ ትከሻ ገባበት። ትርንጎ ሳህኑን ስታጋጭ ዓይኗ ክፍት ነበር፤ ማን እያየን እንደሆነ ማየት ፈልጋ ነው። አስር አለቃ "ግራ! ግራ!" እያሉ ጥቂት ተከተሉንና ተውት። ሕዝቡ ከመስመሩ አልፎ ሜዳው ላይ ገባ፤ ከሜዳ እስክንወጣ አብሮን መጣ።

ዳኛው አንድ መቶ አለቃ ናቸው። ሕዝቡ ጸጥ እስኪል ጠብቀው ውጤቱን አነበቡ። በእግር፣ በመስመር፣ በንብረት አያያዝ ገራዶ። በሕዝብ አቀባበል ደሴ፤ ነገር ግን የሕዝብ አቀባበል ነጥብ የለውም።

ድቤውን በሁለት እጄ ለእትዬ ዘምዘም መለስኩላቸው። "ማሻአላህ፣ ምነው ታለቅሻለሽ?" አሉኝ።

"ቤት ልገባ ነው" አልኳቸው። ያደርኩት እሳቸው ቤት ስለሆነ ነገሩ አልገባቸውም። እጄን ይዘው ገበታ ላይ አስቀመጡኝ፤ ጠዋት ያልበላሁትን ሁሉ አበሉኝ።

ሰኞ

ርክክቡ የሆነው ቀበሌ ጽሕፈት ቤት በረንዳ ላይ ነው። አስር አለቃ ከበሮዎቹን በቁመታቸው ደርድረው አጠገባቸው ቆሙ። መምህር ደምሴ እያንዳንዱን አገላብጠው አዩ። ታምቡሮቹን በጣት መቱ፣ የትርንጎን ሳህን አሸተቱ፣ ለምን እንደሚሸት ማንም አልነገራቸውም። ትልቁ ከበሮ ጋ ሲደርሱ ቆሙ።

"ይሄንን አልረከብም።"

"እንዴት?" አሉ አስር አለቃ።

"ቀዳዳ ነው።"

"ትናንት እያዩት ነው ያሸነፉት።"

"ማሸነፍ ሌላ፣ መረከብ ሌላ። የተቀደደ የሕዝብ ንብረት ተረክቤ ነገ 'ማን ቀደደው' ሲባል እኔ ልታሰር? ጠግናችሁ አስረክቡኝ።"

ያገሬ ሰው የመምህር ደምሴን ፍርሃት ይረዳዋል። በሕዝብ ንብረት የተጠየቀ ሰው መልስ ሲሰጥ ይከርማል።

"እንግዲያው ሌሎቹን ይውሰዱ" አለ የቀበሌው ሰው።

"ጎደሎም አልረከብም። ሙሉውን ባንድ ላይ።"

የቀበሌው ሰው ጸጉሩን አከከ። ከዚያ በሕይወቴ ከሰማኋቸው ውሳኔዎች ሁሉ የሚያምረውን ወሰነ። ትልቁ ከበሮ ተጠግኖ ሙሉ ርክክብ እስኪፈጸም ድረስ፣ ንብረቱ በቀድሞው ያዥ እጅ ይቆይ።

ቀድሞው ያዥ እኛ ነን። ትርንጎን ቆነጠጥኳት፤ እሷም ቆነጠጠችኝ። እንድሪስ ከበሮውን እንደ ሕፃን አቀፈው። አስር አለቃ ፊታቸው ሳይለወጥ ሰላምታ ሰጡ፣ መኪናው ላይ ግን ከሁላችን ቀድመው የወጡት እሳቸው ናቸው። እትዬ ዘምዘም ጋቢዬን አጣጥፈው ፓፓያ ጠቅልለውበት ሰጡኝ። ከሰሉን ለእሳቸው ተውንላቸው።

ማሽላው ላይ ተቀምጠን ወጣን። በየመታጠፊያው አንድ አንድ ልብስ ለበስን። ጉሙ ሲቀበለን የተጠላ ዘመድ ፊት እንዳየሁ ያህል ደስ አለኝ።

እናቴ በር ላይ ጠበቀችኝ።

"እህ?"

"ተሸነፍን።"

"አላልኩሽም? በይ ግቢ።"

"ከበሮው ግን እኛ ዘንድ ነው። ልምምዱም አይቋረጥም።"

ነገሩን ስነግራት ቁጭ አለች። ሁለት ጊዜ አስደገመችኝ። "ተሸንፋችሁ አስቀራችሁት?" አለች፤ ከዚያ ሳታስበው ሳቀች፣ ከሳቀች በኋላ መቆጣት አልሆነላትም።

ይህን ስጽፍ ወራት አልፈዋል። አስር አለቃ እንደ ግዴታቸው ከአንድ የሥጋ ነጋዴ የፍየል ቆዳ አምጥተው፣ ጸጉሩን አስልጠው፣ በእንጨት ወጥረው ልምምድ የምናደርግበት ግቢ ሰቅለውታል። ሲደርቅ ከበሮው ላይ ይወጠራል፣ ከዚያ ርክክብ። ከገራዶ በየሳምንቱ ሰው ይልካሉ።

"ደረቀ?"

"አልደረቀም" እንላለን። ውሸት አይደለም። በደሴ ጉም ምን ይደርቃል?

ትናንት ከሰዓት በኋላ ግን ልምምድ መሃል ጉሙ ድንገት ተገለጠና ፀሐይ ወጣች፤ ደህና፣ ትኩስ፣ የኮምቦልቻ ዓይነት ፀሐይ። ታምቡሬን አውርጄ ወደ ግቢው ጀርባ ሮጥኩ። አስር አለቃ ባዬ ቀድመውኝ ደርሰዋል። ቆዳውን ከነእንጨቱ ብቻቸውን አንሥተው፣ እየጎተቱ፣ ወደ ጥላው ሲያዞሩ ደረስኩ።

ሲያዩኝ ቀጥ ብለው ቆሙ። "ፀሐይ ቆዳ ያበላሻል" አሉ።

"አዎ አስር አለቃ።"

"ምን ቆመሽ ታያለሽ? በዚያ በኩል ያዢ።"